የተላከልን ካሊበር

እስቲ እናንተው ፍረዱኝ። ሰው በዕድሜው ብዙ ነገር ይባላል። ሲወደድ አንበሳ ይባላል፣ ሲጠላ አህያ ይባላል። እኔን ግን የወጪ ቁጥር ባለው ደብዳቤ፣ ማኅተም መትተው፣ በጠመንጃ ፈንታ የላኩኝ ሰዎች አሉ። ልከሳቸው ነው ብላችሁ እንዳትጠብቁ። ላመሰግናቸው ነው የተቀመጥኩት።

ሥራዬ የሰው ሃብት ባለሙያ ነው። ሶዶ ከተማ፣ አንድ መሥሪያ ቤት ሁለተኛ ፎቅ ላይ ቁጭ ብዬ ማን ስንት ሰዓት እንደገባ፣ ማን ፈቃድ እንደወጣ፣ ፈቃድ የወጣውም ለምን እንዳልተመለሰ እመዘግባለሁ። የደብረ ማርቆስ ልጅ ነኝ። ይህን ስናገር አንዳንዱ ሰው አልጋዬ ሥር ምንሽር ያስቀመጥኩ ይመስለዋል። አልጋዬ ሥር ያለው ጫማ ነው፤ እሱም አንዱ እግር ብቻ፤ ሌላውን ሁልጊዜ ባለቤቴ ናት የምታገኝልኝ። ጠመንጃ የማውቀው ባንክ በር ላይ፣ በዘበኛው ትከሻ ነው። እሱንም ቢሆን ዞር ብዬ ነው የማልፈው።

አንድ መጥፎ አመል አለኝ። ኪሴ ውስጥ ቀይ እስክሪብቶ አይጠፋም። የአካባቢው ሰው እቤቱ የሚናገረው ወላይትኛ ነው፤ አማርኛውን ለቢሮና ለገበያ ነው የሚያወጣው። ስለዚህ አልፎ አልፎ ወንዱ ሴት፣ ሴቷም ወንድ ይሆናሉ። «ኃላፊው ስብሰባ ገብታለች» የሚል ማስታወሻ ከመጣልኝ ያለኝን ሥራ ጥዬ እሱን አርማለሁ። ሰባት ዓመት ሙሉ ሳርም፣ እኔ ራሴ በወላይትኛ ከሰላምታ ፈቀቅ አለማለቴ አንድም ቀን ትዝ ብሎኝ አያውቅም። ይህችን አመሌን ያዙልኝ፤ ኋላ ነፍሴን ልታስበላኝ ነው።

ነሐሴ ውስጥ አለቃዬ አስጠራኝና አንድ ደብዳቤ አነበበልኝ። ከሁምቦ ወረዳ በኩል ነው። «በሐይቁ ዳር በሚገኘው ቀበሌያችን አንድ ትልቅ የዱር እንስሳ ሰብል እያወደመ ስለሆነ፣ ለችግሩ የሚመጥን ከፍተኛ ካሊበር በአስቸኳይ እንዲላክልን» ይላል።

የቢሮ ሰው ካልሆናችሁ ነገሩ ላይገባችሁ ይችላል። ቢሮ ውስጥ ካሊበር የሚባለው ሰው ነው። «እገሌ እኮ ካሊበር አለው» ከተባለ፣ ስብሰባ ላይ ሳይጠየቅ የሚናገር፣ ሲጠየቅም «ጥያቄው በሁለት ይከፈላል» ብሎ የሚጀምር ሰው ነው ማለት ነው። ካሊበር የጠመንጃ አፈሙዝ ስፋት መሆኑን የሚያውቅ አንድ ነፍስ በዚያ ፎቅ ላይ አልነበረም። ደብዳቤው መሄድ የነበረበት ሌላ ቢሮ ነው። መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ ግን ካሊበር የሚለውን ስታይ ቀጥታ ወደ ሰው ሃብት መራችው። አልፈርድባትም፤ እኔም ብሆን እዚያው ነበር የምመራው።

«የዱር እንስሳ የሚለውስ?» አልኩት አለቃዬን።

«ግንዛቤ ማስጨበጫ ነዋ! የሰውና የዱር እንስሳ ተቻችሎ መኖር! ካሊበር ያለው አሠልጣኝ ላኩልን ነው የሚሉት።» ቀና ብሎ ቢሮውን ቃኘ። ግማሹ ሠራተኛ ሥልጠና ላይ፣ ግማሹ ፈቃድ ላይ ነው። «እንግዲህ የቀረኸው አንተ ነህ» አለኝ።

እኔ የሰማሁት «አንተ ነህ» የሚለውን ብቻ ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ የሌላውን ሰው የሥራ አፈጻጸም ስሞላ፣ ለእኔ እንዲህ ያለ ቃል የተናገረልኝ አልነበረም። ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ። ባለቤቴ የሶዶ ልጅ ናት፤ ስነግራት መጀመሪያ ዓይን ዓይኔን አየችኝ፤ ከዚያ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። «በል ካሊበር፣» አለችኝ፣ «ካልሲህ እዚህ ነው ያለው።»

በማግስቱ ከረባቴን አሥሬ፣ ላፕቶፔን ይዤ፣ በሚኒባስ ተበላ ወደምትባለው የሁምቦ ከተማ ወረድኩ። ከተበላ ወዲያ ደግሞ ሞተር ላይ ተፈናጠጥኩ። ሙቀቱን ተዉት። ሐይቁ ዳር ስደርስ ከረባቴ አንገቴ ላይ ተጣብቋል፣ ሸሚዜ አቧራ ለብሷል፣ ላፕቶፑ ሞቷል፤ ባይሞትም የሚሰካበት መብራት በአካባቢው የለም።

የቀበሌው ሰው ዋርካ ሥር ተሰብስቦ ይጠብቀኛል። ከፊት አቶ አንጁሎ ቆመዋል። ዕድሜያቸው ሰባን ያለፈ፣ በወጣትነታቸው ጎሽ ጥለዋል የሚባልላቸው፣ እስከዛሬም ጥይቱ ያለቀ ዲሞትፈር ከጎናቸው የማይለይ የአካባቢው ሽማግሌ ናቸው። ጨበጡኝ። ከዚያ ከኋላዬ አዩ። ሞተሩን አዩ። የላፕቶፕ ቦርሳዬን በእጃቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉ።

«እንኳን ደህና መጣህ፣ ታ እሻው» አሉኝ። ወንድሜ ማለታቸው ነው። «ካሊበሩስ?»

«እኔ ነኝ» አልኩ፣ ከረባቴን እያስተካከልኩ።

«አንተማ አንተ ነህ። ካሊበሩ የት አለች?»

አለች! እጄ ወደ ቀይ እስክሪብቶዬ ሄደ። እንደምንም ታገሥኩ። «ካሊበሩ እኔው ራሴ ነኝ፣ አባቴ።»

ዞር ብለው በወላይትኛ ለሕዝቡ ተናገሩ። ሕዝቡ ከከረባቴ እስከ ጫማዬ ቃኘኝ። ከዚያ ከኋላ አንድ ሰው፣ «ቁጥሩ ስንት ነው?» ብሎ ጠየቀ።

«አርባ ሁለት» አልኩ።

የጫማዬን የጠየቀኝ መስሎኝ ነበር። ጉርምርምታ ተነሣ። «አርባ ሁለት…» ይላሉ እርስ በርሳቸው። አቶ አንጁሎ ዲሞትፈራቸውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንደዚህ ያለ ቁጥር እኔ አላውቅም» አሉ።

ከዚያ መሐል አንዲት ሴት ተነሥተው እጄን ያዙ። እማማ ማርታ ይባላሉ። ባላቸው ከሞቱ ቆይቷል፤ የቤተ ክርስቲያናቸው ዘማሪ ናቸው፤ ድምፃቸው አንድ ማሳ አቋርጦ ይሰማል። «ና፣ መጀመሪያ እይ» ብለው ወደ በቆሏቸው ወሰዱኝ።

የማሳው ግማሽ በቆሎ ነው፤ ደርሶ ሊታጨድ ሁለት ሳምንት የቀረው፣ ከእኔ በላይ የቆመ። ግማሹ ግን ተጨፍልቆ ከጭቃ ጋር ተለውሷል። በጭቃው ላይ አራት ጣት ያለው የእግር ዱካ ታትሟል፤ አንዱ ዱካ የእኔን ሁለት ጫማ ይይዛል።

«ጉማሬ ነው» አሉ እማማ ማርታ። «ከሐይቁ ወጥታ በላ። ይኸው ግማሹ ሄደ። እኔና ሁለት የልጅ ልጆቼ ዓመቱን የምንበላው ይሄን ነው፤ ሌላ የለንም። እሱንም ከበላ በቃን። ፈቃድ አለ፣ ተኳሽ አለ፤ የጉማሬን ቆዳ የሚበሳ ጠመንጃ ነው ያጣነው። ለዚህ ነው ካሊበር ላኩልን ብለን የጻፍነው።»

ሰባት ዓመት ጠብቄ ያገኘሁት ማዕረግ የጠመንጃ ሆኖ ቀረ። ያን ጊዜ እውነቱን ተናግሬ መመለስ ነበረብኝ። ግን የእማማ ማርታን ዓይን ሳይ አልደፈርኩም። በዚያ ላይ ኩራት የሚባል ነገር አለ፤ ከረባት ሲያስሩበት ደግሞ ይብስበታል። «እኔ የመጣሁት» አልኩ፣ «ትክክለኛውን ካሊበር መርጬ ለመጻፍ ነው።»

እንግዲህ ጉድ ፈላ። ጠመንጃ ዞሮ የሚያልፍ ሰው ለጉማሬ ጠመንጃ ሊመርጥ ተቀመጠ።

ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ክርክር ሆነ። «ክላሽስ?» ብዬ ጀመርኩ፤ የማውቀው ስም እሱ ብቻ ስለነበረ። አቶ አንጁሎ ሳቁብኝ። «ክላሽ ጉማሬዋን ያሳክከዋል እንጂ ምን ያደርጋታል? ተናድዶ ይመጣብሃል።» ዲሞትፈራቸውን አነሡ። «ይሄ ደህና ነበር። ጥይቱ ግን የለም፤ ያሁኑ ጥይት ደግሞ ለሷ አይገባም። ጥይትና ጠመንጃ ካልተለካካ ባል የሌላት ቤት ማለት ነው።» እማማ ማርታ ገላመጧቸው። «ባል የሌላት ቤት ምን ሆነች?» አሏቸው። አቶ አንጁሎ ወዲያው ወሬ ቀየሩ።

ኢንተርኔት ልጠይቅ አልኩ። ኔትወርክ የሚገኘው ከሐይቁ አጠገብ አንድ ትልቅ ኩይሳ ላይ ሲወጡ ነው አሉኝ። ወጣሁ። በከረባት ኩይሳ ላይ ቆሜ፣ ስልኬን ወደ ሰማይ ዘርግቼ፣ የዓለም አዳኞች ሲሰዳደቡ አነበብኩ። አንዱ ሠላሳ ዜሮ ስድስት ይላል፤ እኔ የስልክ መነሻ ቁጥር መስሎኝ አለፍኩት። ሌላው አራት መቶ ሃምሳ ስምንት ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ይላል። አብዛኛው ግን ለአደገኛ ትልቅ እንስሳ ከሦስት መቶ ሰባ አምስት አትውረዱ ብሎ ይመክራል። ወርጄ በታላቅ ክብር፣ «ሦስት መቶ ሰባ አምስት» አልኩ።

«ምኑ ነው ሦስት መቶ ሰባ አምስት?» አሉ እማማ ማርታ። «ክብደቱ ነው? የሚሄድበት ነው?»

«የጥይቱ ወርድ ነው። ኢንች ለሺህ ተከፍሎ፣ ከዚያ ውስጥ ሦስት መቶ ሰባ አምስቱ።»

«በእጅህ አሳየኝ።»

በጣቴ ለካሁ። እማማ ማርታ ከመሬት አንዲት የበቆሎ ፍሬ አንሥተው ጣቶቼ መሐል አስገቧት። ልክ ሆነች። ፍሬዋን አዩዋት፣ የተጨፈለቀውን ማሳ አዩ። «ግማሽ ማሳ በልታ ያልጠገበው በአንድ ፍሬ ይሞታል?» አሉ። ኢንተርኔቱ ላይ ይህን የጠየቀ ሰው የለም።

ያን ቀን እማማ ማርታ ቤት አደርኩ። ፎሴሴ አቀረቡልኝ፤ በበቆሎ ዱቄትና በጎመን የሚሠራ ምግብ ነው። በቆሎው ከዚያችው ከተረፈችው ማሳ ቀድሞ ደርሶ የተቀነጠሰ መሆኑን ሳውቅ የጎረስኩትን ቀስ ብዬ አኘክኩ። ከዚያ ጸለዩ። እንዲገባኝ ብለው በአማርኛ ጸለዩ። «ጌታ ሆይ፣ ስለ ላክህልን ካሊበር እናመሰግንሃለን» አሉ። ከዚያች ቃል በኋላ እንቅልፍ የሚወስደው ሰው ካለ ልቡ ድንጋይ ነው።

ሊነጋጋ ሲል ተነሣሁ። ቢያንስ ቁጥሯን ለአለቃዬ ልላክ፣ እሱ ወደሚመለከተው ቢሮ ያድርሳት ብዬ ኩይሳው ላይ ወጣሁ። ማንም ያልነገረኝ፣ እኔም ያልጠየቅኩት አንድ ነገር ነበር። ኩይሳው ያለው ጉማሬው ከሐይቁ ወጥቶ በሚመለስበት መንገድ ላይ ነው። ጉማሬ ደግሞ በእሱና በውሃው መሐል የሚቆም ነገር አይወድም።

«ሦስት መቶ ሰ…» ብዬ እየጻፍኩ ሳለ በቆሎው ተንኮሻኮሸ። ቀና አልኩ። ቤት ነው። አፍ ያለው ቤት። ቆሞ ያየኛል።

ይህን ጊዜ እማማ ማርታ ሰብል ከሚጠብቁበት ማማ ላይ ሆነው ጮኹ። «ሩጪ! መንገዱን ልቀቂ! ወደ ግራሩ ሩጪ!»

እንግዲህ የእኔን አእምሮ ጉድ ስሙ። ሞት ፊቴ ቆሞ እያለ ሰዋስው አየሁ። ሩጪ ካሉማ እኔን አይደለም፤ ጉማሬዋን ነው የሚያባርሩት ብዬ ደመደምኩ። እንዲያውም፣ «ይበርቱ እማማ!» ብዬ አበረታታኋቸው።

ጉማሬው ታዘዘና ሮጠ። ወደ እኔ።

«አንቺ ካሊበር! አንቺን ነው! ሩጪ!»

ያን ጊዜ ገባኝ። እግሬ አውጪኝ አልኩ። ጫማዬ ጭቃ ውስጥ ቀረ፣ ስልኬ ከእጄ ወደቀ፣ ከረባቴ በትከሻዬ ላይ ይውለበለባል። ግራሩ ላይ እንዴት እንደወጣሁ አትጠይቁኝ። ግራር እሾህ አለው፤ እኔ ግን እሾሁ የተሰማኝ ከወጣሁ በኋላ ነው። ጉማሬው እኔን አልፈለገም፤ ስልኬን ረግጦ ሐይቁ ውስጥ ገባና ጆሮውን አራገበ። ያኔ አንቺ ብለው ባይጠሩኝ ኖሮ ዛሬ ይህን የምጽፍላችሁ እኔ አልሆንም ነበር።

ፀሐይ ስትወጣ መንደሩ በሙሉ ከግራሩ ሥር ቆሟል። እኔ ውረድ ብባል አልወርድም። ጫማዬን ብቻ ሳይሆን ኩራቴንም ጭቃው ውስጥ ጥዬዋለሁና እዚያው ላይ ሆኜ ተናዘዝኩ። «እኔ ስለ ጠመንጃ ምንም አላውቅም! አሠልጣኝም አይደለሁም! የሰው ሃብት ነኝ! በስህተት ነው የተላክሁት! አርባ ሁለት ያልኳችሁም የጫማዬን ቁጥር ነው!»

«እናውቃለን» አሉ እማማ ማርታ። «አርባ ሁለት ስትል ወደ ጫማህ አይተሃል።»

«ታዲያ ለምን ዝም አላችሁኝ?»

«ፀሐይ ላይ መጥተህ፣ እንግዳ ሆነህ፣ ሰው ፊት እናሳፍርህ?»

እውነቴን ነው፣ ግራር ላይ ሆኜ እንባዬ መጣ። እኔ ሰባት ዓመት ሙሉ ሰውን በአንዲት ፊደል ሳሳፍር ኖሬያለሁ፤ እነሱ ማሳቸው እየተበላ የእኔን ፊት ሲጠብቁ ዋሉ።

ወረድኩ። እሾሁን ከመዳፌ እየነቀሉልኝ እማማ ማርታ ጠየቁኝ። «የሰው ሃብት ምን ይሠራል?»

በሕይወቴ እንዲህ የከበደኝ ጥያቄ የለም። ሁለት ዲግሪ አለኝ። አሰብኩ፣ አሰብኩና፣ «ሰውን… ተራ ያስይዛል» አልኩ።

«እንግዲያው ተራ አስይዘና!»

ለካስ እያንዳንዱ ቤት የየራሱን ማሳ ለየብቻው ነበር የሚጠብቀው። ሁሉም እስኪደክመው ይጠብቃል፤ ሁሉም ይተኛል፤ ጉማሬው ጠባቂው የተኛበትን ማሳ መርጦ ይገባል። ከአንዱ ሰው ደብተር ወስጄ መስመር አሰመርኩ። የተረኛ ስም፣ ሰዓት፣ ፊርማ፣ ምርመራ። ጉማሬው የሚወጣው በአንድ መንገድ ስለሆነ፣ የሁሉንም ማሳ ትቶ መንገዱን በፈረቃ መጠበቅ ይቻላል አልኩ። አዲስ ነገር የፈጠርኩ መስሎኝ እንደገና ደረቴን ልነፋ ስል አቶ አንጁሎ፣ «ይሄማ ዳጉዋ ነው» አሉ። ዳጉዋ ተሰባስበው አንዱ የሌላውን ማሳ በየተራ የሚሠሩበት የቆየ ልማዳቸው ነው። «ለአረም እንወጣለን፣ ለአጨዳ እንወጣለን። ለጉማሬ ነው ያልወጣነው።»

«ጉማሬም አረም ነው» አሉ እማማ ማርታ። በቃ፣ ውሳኔው በዚህ ጸደቀ።

መሣሪያችን ባዶ ጄሪካን፣ የዘይት ቆርቆሮና የመዘምራን ከበሮ ነበር። ፀሐይ ስትጠልቅ የመጀመሪያውን ተራ የወሰድኩት እኔ ነኝ፤ በባዶ እግሬ፣ ከአቶ አንጁሎ አጠገብ፣ ከመንገዱ ራቅ ብዬ። ጉማሬው ከውሃው ብቅ ሲል ሁላችንም አንድ ላይ ጄሪካኑን ቀጠቀጥን፣ እማማ ማርታም በዚያ ድምፃቸው መዝሙር አነሡ። ጉማሬው ቆሞ አዳመጠን። ትንሽ አሰበ። ከዚያ ዞሮ ሐይቁ ዳር ወዳለው ሣር ሄደ። አቶ አንጁሎ ደብተሩን ተቀብለው ምርመራ በሚለው ሥር፣ «መጣች፤ ተመለሰ» ብለው ጻፉ። እኔም አላረምኩም፤ እስክሪብቶውን ያዋስኳቸው እኔ ነኝ፣ ያውም ቀዩን።

ለአንድ ቀን ሄጄ አምስት ቀን ቆየሁ። በኋላም ፈረቃው እስከ አጨዳ ድረስ አልተቋረጠም። የእማማ ማርታ ግማሽ ማሳ አንድ አገዳ ሳይነካ ቆሞ፣ ደርቆ፣ በዳጉዋ ታጭዶ ጎተራ ገባ። ስለያቸው ሞተሩ ላይ ሆኜ ባለቤቴ ያስተማረችኝን ቃል፣ «ጋላታይስ» አልኳቸው፤ አመሰግናለሁ ማለት ነው። አነጋገሬ ጠማማ እንደነበር ከፈገግታቸው ገብቶኛል። ግን አላረሙኝም።

ሶዶ ገብቼ ለአለቃዬ እውነቱን ነገርኩት። ሳቀ፣ ሳቀና የመጀመሪያውን ደብዳቤ ወደሚመለከተው ቢሮ መራው። ያ ቢሮ የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ ካለፈ በኋላ፣ በዓሉ ተበልቶ ተጠጥቶ ካበቃ በኋላ፣ ለቀበሌው መልስ ሰጠ። «የጠየቃችሁት ካሊበር ዓይነትና ቁጥር ተገልጾ በድጋሚ ይቅረብ» ይላል።

ቀበሌው የጻፈው ምላሽ ግልባጭ ለሰው ሃብት ተብሎ ባለፈው ሳምንት ጠረጴዛዬ ላይ ደረሰ። እንዲህ ይላል፦ «ዓይነት፦ ሰው። ቁጥር፦ አርባ ሁለት። ካሊበሯ ደርሳናለች፤ በቆሏችንን አድናልናለች፤ እናመሰግናታለን።»

ቀይ እስክሪብቶዬን ከኪሴ አወጣሁ፤ ክዳኑን ከፈትኩ። ደብዳቤውን ሁለተኛ አነበብኩት፤ ሦስተኛም አነበብኩት። ክዳኑን መልሼ ገጠምኩና በግርጌው በሰማያዊ፣ «ትክክል ነው» ብዬ ፈረምኩበት።